ለጊዜው የተሰጠኝ ቱባ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጎበዝ ነሽ» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ፊቱን አትዩ፤ እጁን እዩ። የሚያሸክማችሁን ነገር ከጀርባው ደብቆ ነው የመጣው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከተሸከምኩ በኋላ ነው። እናንተ ገና እጃችሁ ባዶ ሳለ ልንገራችሁ ብዬ ነው ዛሬ ወሬ የጀመርኩት።

ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ የማርሽ ባንድ ትራምፔት እነፋለሁ። ከነፊዎቹ መሐል ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ተማሪ ሳለሁ ዕቃ ቤት ውስጥ የተጣለች፣ አንድ ቁልፏ የሚጣበቅ ትራምፔት አግኝቼ፣ ከንፈሬ እስኪያብጥ ታግያት ነው የለመድኩት። ኖታ አላነብም። ኖታ ሲዘረጉልኝ የሚታየኝ ያልተለቀመ ምስር ነው። ጆሮዬ ግን፣ መመካት አይሁንብኝና፣ የሰማውን አይጥልም።

ባንዱ ውስጥ የኔ ነው የምለው አንድ ነገር ነበረኝ። በትልልቅ በዓላት ስታዲየም ውስጥ፣ እንግዶች ንግግር ከመጀመራቸው በፊት፣ ከበሮውም ሌላውም ጸጥ ይልና አንዲት ትራምፔት ብቻዋን መክፈቻ ትነፋለች። ሕዝቡ ይቆማል። ሕፃን እንኳ ለአፍታ ማልቀሱን ይተዋል። ያቺን መክፈቻ የምነፋው እኔ ነበርኩ። የተጻፈ ኖታ የላትም፤ አለቃችን አንጎራጉረውልኝ ነው የያዝኳት። መጨረሻዋ ላይ ማንም ያላዘዘኝን ትንሽ ነገር ጨምሬባታለሁ፦ ድምፁ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁንስ ተበጠሰ ሲባል እጥፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል።

እናቴ ያቺን እጥፋት በሰማች ቁጥር ታለቅሳለች። እናቴ ገበያ ውስጥ ጀሪካንና ባልዲ ትሸጣለች፤ የምትኖረውም እዚያው ሱቋ ጀርባ ነው። እኔ ጀሪካን መሐል መተኛት ስላቃተኝ ቤት ተከራይቼ ወጥቻለሁ። ሱቋን የምትዘጋው ለፋሲካና ለኔ መክፈቻ ብቻ ነው። ደንበኛ «ይኼ ባልዲ ስንት ነው?» ሲላት መጀመሪያ ስለኔ ትነግረዋለች፤ ዋጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአማርኛ ትጀምርና በሶማሊኛ ትጨርሳለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትናገረው ነገር ቢኖር ይኼ ነው። ስለዚህ መክፈቻዋ ለኔ የሥራ ጉዳይ አልነበረችም። የእናቴ አንገት ነበረች።

ወደ ነገሬ ልግባ። ኮሮና አልፎ፣ ጭንብላችንን አውልቀን እንደገና መንፋት በጀመርን ሰሞን የቱባችን ነፊ አብዲ ሥራ ለቀቀ። ቱባ ማለት ያ ጭን ላይ የሚታቀፈው፣ አፉ የልብስ መዘፍዘፊያ የሚያህለው፣ ከሥር «ቡም… ቡም» የሚለው የነሐስ ግንድ ነው። ባንድ ቤት ቢሆን መሠረቱ እሱ ነው። መሠረትን ደግሞ፣ መቼም፣ ቆሞ ያደነቀ ሰው የለም። አብዲ ሐርተሼክ አጎቱ ዘንድ የፍየል ንግድ ሊገባ ነበር። ሲሰናበተን «ፍየል ራሷ ትጮኻለች፤ እኔ አልነፋላትም» ብሎ ሳቀ። ያን ጊዜ ሞኝ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ደጀኔ ስብሰባ ጠሩ። ሃምሳ አለቃ የባንዱ አለቃ ናቸው፤ ወታደር ቤት ሙዚቃ ውስጥ አርጅተው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ጡረታው ግን እስካሁን ያልገባቸው ሰው።

«ቱባ የሌለው ባንድ» አሉ፣ «ሱሪ የሌለው ወታደር ነው። በዓሉ እየመጣ ነው። ማን ይያዝልን?»

ሁላችንም ጫማችንን መመርመር ጀመርን። ያኔ ሳሚ እጁን አወጣ። ሳሚ ሁለተኛው ትራምፔታችን ነው፤ ከአዳማ ተዛውሮ የመጣ፣ ሰላም ሲል እስከ ጉልበቱ የሚጎነበስ ትሑት ልጅ። ስብሰባ ላይ ሲሆን ሌላ አማርኛ ይለብሳል።

«እኔ በበኩሌ፣ እህታችን ካላት ተሰጥኦ አኳያ ሁለቱንም ደርባ መያዝ ትችላለች የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ቁልፉ ያው ሦስት ነው። ልዩነቱ ትልቅ መሆኑ ብቻ ነው። ጎበዝ ናት፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው።»

«ለጊዜው ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። «ዋናሽ ትራምፔት ነው። ቱባውን ደርበሽ ትይዣለሽ፣ ሰው እስኪቀጠር።»

ቤቱ አጨበጨበ።

እንግዲህ ጭብጨባን ታውቁታላችሁ። እኛ አገር የተጨበጨበለት ነገር ጸደቀ ነው። ሰው አጨብጭቦላችሁ ሲያበቃ «አልችልም» ማለት ሠርግ ቤት ገብቶ ወጡ ቀጠነ እንደማለት ነው፤ እውነት ቢሆንም አይባልም። ይሉኝታ ይዞኝ ተነሣሁ። «አልፈልግም» ልል ነበር የተነሣሁት። ከአፌ የወጣው ግን «የተጣለብኝን አደራ…» የሚል ነበር። ማን እንዳናገረኝ አላውቅም። ከበሮ መቺያችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቱባ ባለሥልጣን ነሽ» አለኝ። እሱም ጫማውን ሲያይ የነበረ ሰው ነው።

የሳሚን «ትልቅ መሆኑ ብቻ ነው» የሚለውን ነገር ተዉት። ፈረስና ግመልም እግራቸው ያው አራት ነው። ትራምፔት ላይ ከንፈር ጥብቅ፣ ትንፋሽ ቀጭን፣ እንደ መርፌና ክር ነው። ቱባ ግን ከንፈርሽን ልቀቂው፣ አንጠልጥይው፣ ያለሽን ትንፋሽ በሙሉ አምጪው ይላል። አመጣሁለት። ሳንባዬን እንደ ጆንያ አራግፌ ሰጠሁት፤ ውጦት ዝም አለ። ዓለም ዞረችብኝ፣ ግድግዳ ያዝኩ። እንደገና ነፋሁ። በመጨረሻ አንድ ድምፅ ወጣ። እንዴት ልበላችሁ፣ ጨዋ ሰው በሰው ፊት የማያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር።

ቤቴ ወስጄ ልለማመድ ብዬ አቅፌው ወጣሁ። የጅግጅጋን ነፋስ የምታውቁ እዚህ ላይ አዝናችሁልኛል። ነፋሱ በዚያ ሰፊ አፍ ገብቶ እኔን ከነቱባዬ እንደ ባዶ ፌስታል ወደ ኋላ ነዳኝ። ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ ቱባውን አየ፣ እኔን አየ፣ «እህቴ፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ነው የምትሄዱት?» አለኝ። እኔ ከኋላ ተጣጥፌ፣ ቱባው እንደ አማች ሰፋ ብሎ ተቀምጦ ደረስን።

ግቢው የኤዶ ፈዱማ ነው። ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እዚህ ከተማ ግን ቤት ላከራየችሽም፣ ወተት ለሸጠችሽም፣ ለተቆጣችሽም ትልቅ ሴት ሁሉ ይባላል። እኔን የምትቆጣኝ እስከዚያ ቀን በኪራይ ብቻ ነበር። ልምምድ በጀመርኩ በሳምንቱ በሬን ደበደበች።

«ናያ! አንቺ ልጅ! ፍየሎቼ ወተት ከለከሉኝ።»

«ይቅርታ ኤዶ፣ ለጊዜው ነው።»

«ትንሿ ትሻል ነበር፣ ዋላሂ። እሷ ትጮኻለች። ይኼ ግን ያቃስታል። የታመመ ሰው አስገብተሽ ነው የሚመስለው፤ ጎረቤት እኮ ‹ማን ነው የታመመባችሁ› እያለ እየጠየቀኝ ነው። ለባለቤቱ መልሺለት።»

«ባለቤት የለውም ኤዶ። ሥራ ለቆ ሄዷል።»

ኤዶ ፈዱማ ቱባውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ባለቤት የሌለው ነገር ካንቺ ቤት ካደረ፣ ልጄ፣ ያንቺ ነው» አለችና ሄደች። ሳቅሁባት። አሁን ሳስበው መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ካሉት ሁሉ የቅጥር ሕግ የገባት እሷ ናት።

በዚህ መሐል ለአንድ ምረቃ ቀብሪበያ ተላክን። ቱባውን ይዤ ከኋላ ቆምኩ እንጂ አልነፋሁም፤ ጉንጬን ብቻ እሞላ ነበር። ከሩቅ ያየኝ ሰው በርትቼ የምሠራ ሊመስለው ይችላል፤ እንደዚህ የሚኖር ሠራተኛ ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ከምረቃው በኋላ ጓደኞቼ ገበያ ወጡ። እኔ ይኼን ጭነት ታቅፌ የት እወጣለሁ? ሚኒባስ ውስጥ ቀረሁ። ሲመለሱ አንዱ «እስቲ ይቺን አንሶላ እዚያ ውስጥ ያዢልኝ» አለና ቱባው አፍ ውስጥ ከተታት። ሌላው ሽቶ። ሌላው የሕፃን ጫማ። ሳሚ ሦስት ጥቅል ፓስታ፣ ያውም «ካላስቸገርኩሽ» ብሎ። እኔም፣ ታውቁኛላችሁ፣ «ኧረ ምንም አይደል» አልኩ።

ኮንትሮባንድ የሚፈተሽበት ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ ወጣት ነው። ሚኒባሱን አንዴ አሰሰና ዓይኑ ከኔ ጭን ላይ ቆመ።

«ይኼ ምን ይይዛል?»

«አየር» አልኩት።

«ንፊው እስቲ።»

ነፋሁ። «ፍስስስ» አለ። በደኅናው ቀንም ከዚህ የተሻለ አይለኝ፣ እንኳን አንሶላ ጎርሶ። ልጁ እጁን እስከ ክንዱ አስገባ። አንሶላዋ ወጣች። ሽቶው ወጣ። ጫማዎቹ ወጡ። ፓስታው ወጣ።

«የማን ነው?»

ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እህቴ፣ አንቺን ነው። መሣሪያ ነው ሱቅ?»

«የኔ አይደለም» አልኩ። «ይዤላቸው ነው።»

«ለእነማን?»

ዞሬ አየኋቸው። ሳሚ በመስኮት በኩል ሜዳውን በታላቅ አድናቆት እየተመለከተ ነበር። ሃምሳ አለቃ ከፊት እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ የእንቅልፍ ሰው ጆሮው አይንቀሳቀስም፣ የሳቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ቱባውን አነሣሁና፣ ያን ሁሉ ንዴት፣ ያን ሁሉ «ለጊዜው ነው»፣ ያን ሁሉ «ካላስቸገርኩሽ» አንድ ላይ ሰብስቤ ነፋሁበት።

ሙሉ፣ ክብ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። የሚኒባሱ መስታወት ተርገፈገፈ። ከመንገዱ ማዶ የነበሩ ግመሎች አንገታቸውን አዞሩ። ፈታሹ አንድ እርምጃ ሸሽቶ «እሺ፣ እሺ፣ መሣሪያ ነው!» አለና ዕቃውን መልሶ አስታቀፈኝ። ሃምሳ አለቃ ባንዴ ነቁ። «ያዝሺው! አገኘሽው!» ብለው ጮኹ። ጓደኞቼ እያጨበጨቡ አንሶላና ፓስታቸውን ወሰዱ።

ያን ቀን ቱባ ቻልኩ። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አለመቻል እኮ ጋሻ ነው፤ በገዛ ትንፋሼ ጣልኩት።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የማርሽ ልምምድ በቱባ ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ለራሴ ትራምፔት። ፕሮግራሙን ያወጡት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ጠዋት ሙሉ የለቀቅኩትን ከንፈር ከሰዓት በኋላ ሰብስቢ ስለው እንደ ሰነፍ ተማሪ ያየኛል። የትራምፔቷ መንፊያ፣ ያቺ ስንት ዓመት ከንፈሬ ላይ ያደገችው፣ የለስላሳ ቆርኪ መሰለችኝ። ትንፋሼ ሰፍቶ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም፤ ትልቁ ለትንሿ የሚሰጣት ነገር አለ። ግን ሰፊ ትንፋሽ በደከመ ከንፈር ጎርፍ በቀዳዳ ጣሳ ነው። በአንዱ ልምምድ መክፈቻዋን ጀመርኩ፤ ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ እጥፋቷ ጋ ሳይደርስ ተሰነጠቀና እንደ ጫጩት «ጭው» ብሎ ቀረ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ስሕተትሽን ታውቂዋለሽ? ሁለት መሣሪያ የሚይዝ ሰው ዋናውን አስቀድሞ ነው የሚለማመደው፣ ከንፈሩ ትኩስ ሳለ። ደራቢውን አስከትሎ። በመሐል ደግሞ ዕረፍት። ይኼን የማያውቅ ነፊ የለም።»

«ጠዋት ቱባ፣ ከሰዓት ትራምፔት ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ ሃምሳ አለቃ?»

አሳላቸው። ረጅም ሳል ነበር። ከሳሉ ማዶ ሲወጡ ሌላ ወሬ ይዘው ወጡ።

«ለዘንድሮ መክፈቻውን ሳሚ ይንፋው።»

«ቱባውን ልመልስ። ሁለት ሳምንት ይስጡኝ፣ ከንፈሬ ይመለሳል።»

«ቱባውን ማን ይያዘው? አየሽ፣ ትራምፔት የሚነፋ ሞልቷል። ቱባ የሚነፋልኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ጎበዝ ስለሆንሽ እኮ ነው።»

«ለጊዜው ነው ብለውኝ ነበር።»

«አሁንም ለጊዜው ነው» አሉ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው። «ደግሞ ኖታ የላትምና፣ ቁጭ ብለሽ ለሳሚ አስጠኚው።»

አስጠናሁት። «እንዴት አስጠናሽው?» እንዳትሉኝ፤ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። እያንጎራጎርኩ፣ እጄን በአየር ላይ እያወጣሁ እያወረድኩ፣ የት እንደሚተነፍስ፣ የት እንደሚጠብቅ ነገርኩት። እጥፋቷ ጋ ስንደርስ ዝም ልል አሰብኩ፤ እሷን ማንም አላዘዘኝም፣ የኔ ናት። ሳሚ ግን «እህት ዓለም፣ መጨረሻ ላይ ያቺን የምታደርጊያትን ነገርስ?» አለኝ፣ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ። እንዲህ የለመነ ሰው እንዴት ይከለከላል? ሰጠሁት። በሦስተኛው ሙከራ ያዛት። በኔ ጊዜ ሁለት ወር ፈጅታብኛለች።

ለእናቴ ልነግራት ሱቋ ሄድኩ። አንዲት ሴት ጀሪካን እያገላበጠች ነበር። እናቴ እኔን ስታይ ፊቷ በራ፤ «ያቺውልሽ! ያልኩሽ ልጄ! በበዓሉ ቀን ስታዲየም ነይ፣ ሕዝቡን የምታስነሣው እሷ ናት» አለቻት በሶማሊኛ። ሴትዮዋ እጄን ይዛ መረቀችኝ። ከተመረቅሁ በኋላ ምን ይባላል? ጀሪካኗን ተሸክሜላት እስከ ታክሲ ሸኘኋትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የበዓሉ ጠዋት ነፋስ ነበረ። እኔ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከባንዲራዎቹ ጀርባ፣ ቱባውን ታቅፌ። በዓይኔ እናቴን ከተመልካቹ መሐል ፈለግኳት፤ የለችም። ተመስገን አልኩ። ጸጥታ ሆነ። ሕዝቡ ተነሣ። ሳሚ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣና ነፋ።

ቢሳሳት ኖሮ ይቅር እለው ነበር። አልተሳሳተም። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ነፋሱን ሰንጥቆ ወጣ፣ ከዚያ ያቺ የኔዋ እጥፍ ብላ ቀስ እያለች ወረደች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ እንደዚያ አድርጌ ነፍቻት አላውቅም። ከዚያ ሃምሳ አለቃ እጃቸውን አነሡ፤ እኔም ከሥር «ቡም» አልኩ።

ሲያልቅ በር ላይ እናቴን አገኘኋት። እንግዶች ከገቡ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ሱቋን ስትቆልፍ ዘግይታ ውጭ ቀርታለች። ከሻይ ሻጯ አጠገብ፣ እንደሷው በር ከተዘጋባቸው ሰዎች ጋር፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ብድግ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ከለከሉኝ፣ ግን ሰማሁሽ!» አለች፣ ቱባውን ጭምር አቅፋ እየሳመችኝ። «በግንቡ ላይ መጣልኝ። የዛሬው ከእስከዛሬው ሁሉ በለጠ። ያቺ መጨረሻ ላይ የምታጥፊያት… ለነዚህ ሁሉ ነገርኳቸው፣ ልጄ ናት አልኳቸው።»

ሰዎቹ ከአግዳሚው ላይ ሆነው በአክብሮት አዩኝ። ሻይ ሻጯ «እጅሽ ይባረክ፣ እኔንም አስለቀስሽኝ» አለች። አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬ አብጦ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ እቅፌ ጠቆም አደረጉ። «ይኼስ፣ ልጄ፣ ይኼ ትልቁ ምንድን ነው?»

እናቴ ለኔ ፋታ አልሰጠችኝም።

«ኧረ እሱ የሷ አይደለም አባቴ!» አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። «የሷ ትንሿ ናት። ይኼን ለሰው ይዛለት ነው። ልጄ እኮ እምቢ ማለት አታውቅም።»